የወሰንየለሽ እንዝርት

ውድ የክርስትና እናቴ እትዬ ጥሩሸዋ፥

«እንደምን ከርመዋል፤ እኔ ደኅና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር ደኅና አይደለሁም፤ የእርስዎንም ጤና የምጠይቅበት ፊት የለኝም። ስልክዎን ደጋግሜ መታሁት። ፀጋ አንስታ «እማዬ ተኝታለች» ትለኛለች። በጠዋትም ተኝተዋል፥ በቀትርም ተኝተዋል። እርስዎ ደግሞ ታመው እንኳ በቀን ጋደም የሚሉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ገባኝ፤ ገብቶኝም ጻፍኩ። ይህን የምታነብልዎ ፀጋ እንደሆነች አውቃለሁ። ፀጋዬ፥ እኔን ለመሸፈን ብለሽ አንዲት መሥመር እንዳትዘልዪ። ለእሳቸው አዝነሽም እንዳታለሳልሺው። እንዳለ አንብቢላቸው።

እትዬ፥ አፍሬያለሁ። ብዙ ጊዜ «አፈርኩ» ብያለሁ፤ ወጥ ሳሳርር፥ ስም ሲጠፋኝ፥ እንግዳ ፊት ሲያደናቅፈኝ። ያ ማፈር አልነበረም። የአሁኑ ጠዋት ስነሣ አብሮኝ ይነሣል። ሰው «ትሕትና» ብሎ ሲጠራኝ ስሜ ራሱ ያሾፍብኛል።

ሥራዬን ያውቁታል። በሬዲዮ የበዓላትን አመጣጥ እተርካለሁ። ቡሄ ላይ ጅራፍ ለምን ይጮኻል፥ በጳጉሜ ዝናብ ሰው ለምን ይጠመቃል፥ ይኼኛው ቀዬ ሐሙስ ሐሙስ እርሻ የማይነካው ለምንድን ነው፤ እንዲህ እያልኩ እንጀራዬን እበላለሁ። የዝግጅቱ መክፈቻ «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ነው። ሁልጊዜ በኩራት ነበር የምለው። አንድ የሞላሌ ሰውዬ በየሳምንቱ እየደወለ «ልጅት፥ ከሥሩ አልሽ እንጂ ሥሩን አላገኘሽውም» እያለ ይሞግተኛል፤ እኔም በማይክሮፎን እስቅበታለሁ። ከእንግዲህ የምስቅበት አይመስለኝም።

የቀዬያችንን ቀን ሳልነካው የኖርኩት አውቄ ነው። በወር በወሩ አሥራ ስምንት ቀን፥ ካህናቱ ኤዎስጣቴዎስ የሚሉት፥ እኛ ግን «እንዝርት» የምንለው። ሌላ አገር ያን ቀን ሰው ከእርሻው ይውላል። የእኛ ሴቶች ግን እንዝርታቸውን አጥበው ከደጃፉ በላይ ይሰቅላሉ፤ ሱፍ አይነካም፤ ባና፥ ያን ወፍራም የሱፍ ልብስ፥ የሚሠራው ሸማኔም ወደ ሽመና ጉድጓዱ አይወርድም። ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ባለተራው ቤት ተሰብስቦ፥ ዳቦው ሳይባረክ፥ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የቀኑን ነገር ይናገራል። «ወሰንየለሽ የምትባል ሴት በዓል ሽራ ሱፍ ስትፈትል በረዶ ወረደ፤ ገብሳችንን አጨደው፤ አባቶቻችን ቀኑን ገዘቱ።» ሁሉም «ይማረን» ይላል። ዳቦው ይቆረሳል፤ ጽዋው ይዞራል። ወሰንየለሽ የእርስዎ እናት ነበሩ። እርስዎም እዚያው ጥግ ተቀምጠው «ይማረን» ይሉ ነበር።

የጽዋው ተራ የእርስዎን ደጅ እንደሚዘል ያወቅኩት ልጅ ሳለሁ ነው። መዋጮ ሲሆን ቀድመው ያዋጣሉ፤ ድግስ ሲሆን ጋኑን እርስዎ ያጥባሉ። ጽዋውን በነጠላ ሸፍነው በእልልታ ወደ ቤትዎ ሲገቡ ግን አይቼ አላውቅም። «እትዬ፥ ጽዋው ለምን እናንተ ቤት አይመጣም?» ብዬ ጠየቅኩዎት። «ቤታችን ዳገት ላይ አይደል? ጠላው ይፈሳል» አሉኝ። አመንኩ። እንዲያውም ለዓመታት ዳገት ላይ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያሳዝነኝ ነበር።

ባለፈው መስከረም፥ የዓመቱ እንዝርት ሊውል ሲል፥ መቅረጫዬን ይዤ መጣሁ። ለሥራ ነው የመጣሁት፤ ልጠይቅዎ አልነበረም፤ ይህንንም ልናዘዝ። ገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ። «ስለ ቀኑ ይንገሩኝ» አልኩዎት፤ ሁሉም የሚለውን ይሉኛል ብዬ። እርስዎ ግን በሩን ገፋ አድርገው ዘጉትና እንዲህ አሉ፦

«እናቴ እየፈተለች ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሱፉ የማን ነበር? የመምሬ ኪዳነ ወልድ ነው፤ የአያትሽ። መሐል ሜዳ ትልቅ ጉባኤ ተጠርተው ባናው እንዲደርስላቸው ቸኮሉ። ‹አባ፥ ዛሬኮ በዓል ነው› ብትላቸው ‹እኔ ፈትቼሻለሁ፥ ሥራሽን ሥሪ› አሏት። ካህን ከፈታት ምን ትበል? ሠራች። የዚያኑ ለት በረዶው ወረደ። በማግሥቱ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላም ወጥቶ ‹በዓል የሻረ ማነው?› ሲባል ጎረቤት እሷን ጠቆመ። እሷ አያትሽን አየቻቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን አዩ።»

«ለምን አልተናገሩም እናትዎ?» አልኩ።

«ካህን ታዋርድ? ደግሞ እኔ በሆዷ ነበርኩ። ነገ ማን ክርስትና ያነሣልኛል ብላ ፈራች።»

«ቀኑንስ የገዘተው ማነው?»

«ማን ይሆናል? እሳቸው ናቸዋ። እዚያው ቆመው ገዘቱ።»

ከዚያ እጄን ያዙኝ። እጅዎ ይሞቅ ነበር። «ትሑት፥ እኔ ብናገር ‹የእናቷን ኃጢአት ልታጥብ ነው› ይሉኛል። አንቺ ግን የእሳቸው ዘር ነሽ። ከአንቺ አፍ ከወጣ ይሰማል። እኔ ሌላ አልፈልግም። ሳልሞት አንድ ጊዜ ጽዋውን ተሸክሜ ደጄን ብገባ፥ በቃኝ» አሉኝ። እኔም «በማርያም እናገራለሁ» አልኩ። ማንም «ማይ» ሳይለኝ፥ ራሴው ማልኩ።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ያደረግኩትን እርስዎ በጆሮዎ ሰምተዋል፤ እንዴት እንዳደረግኩት ግን አያውቁም። ማንም አላስገደደኝም። አባባ አልደወለም፤ አለቃዬም ምንም አላለኝም። የተቀረፀውን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስሰማ የአያቴ ፎቶግራፍ መጣብኝ፤ ያ ግድግዳችን ላይ ያለው፥ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የተነሡት። ያንኑ መስቀል አባባ እስከዛሬ ይዞ ይቀድሳል። ሰው ሊሳለመው ሲጎነበስ ምን ያስባል አልኩ። የእኔንም ስም አሰብኩ፤ አልዋሽዎትም፥ ከሁሉም በላይ የእኔን ስም ነው ያሰብኩት። የመምሬ ኪዳነ ወልድ የልጅ ልጅ መባል ደስ ይለኛል። መሐል ሜዳም ሞላሌም በዚያ ስም በር ተከፍቶልኛል።

ስለዚህ «እናቴ እየፈተለች ነበር፤ አልዋሽም» የሚለውን አስቀረሁና ከ«ግን» ጀምሮ ያለውን ቆርጬ ጣልኩት። ከዚያ በራሴ ድምፅ የቀዬውን ተረት ቀጠልኩበት። ቃሉን አላሉትም አይባልም፤ ያሉት ነው። የራስዎን ቃል ወስጄ በእናትዎ ላይ አስመሰከርኩዎት። ማዕረግ የሚባል አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሰምቶ «የገዛ ልጇ ስትናገር እንዴት ልብ ይነካል!» አለኝ፤ እኔም «አመሰግናለሁ» አልኩት። ይህንን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ዝግጅቱ በተላለፈ ለት ጋሼ ወዳጆ፥ የማኅበሩ ሙሴ፥ መሪያችን፥ ሰውን ቤታቸው ሰብስበው ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እርስዎም ተጠርተው ነጭዎን ለብሰው መጥተዋል። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እርስዎ ሲያዞር፥ እርስዎ ቀሪውን ይጠብቁ እንደነበር የነገሩኝ እትዬ ኮከቤ ናቸው። «ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ዘፈኑ ሲገባ ‹አለቀ?› አለችኝ። አለቀ አልኳት። ‹ድምፁ የእኔ ነው› አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች» አሉኝ። አባባ ደግሞ በዚያው ሰዓት ደውሎ «ልጄ፥ አገሩን አስጠራሽው» አለኝ። የእርስዎን ነገር አላነሣም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ቤትዎን ቆልፈው መርሐቤቴ ወደ ፀጋ እንደሄዱ ሰማሁ። በደብረ ብርሃን መናኸሪያ በኩል ማለፍዎን፥ ዝናብ እየመታዎ መኪና ሲጠብቁ የአገራችን ሰው አይቶዎት «ትሕትና እዚህ ናትኮ፥ ልደውልላት?» ቢልዎ «ተዋት፥ ሥራ ላይ ናት» ማለትዎን ነገሩኝ። የምሠራበት ቢሮ ከመናኸሪያው ቅርብ ነው። ያን ቀን ሥራ አልነበረኝም፤ ሻይ እየጠጣሁ የምስጋና መልእክት ሳነብ ነው የዋልኩት። እትዬ፥ ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለጥቅምት አሥራ ስምንት ወደ ቀዬ ወጣሁ። ተራው የእኛ ቤት ነበር። ሰው ገብቶ ተቀመጠ፤ ብርዱም ስለጠና ሁሉም ጋቢውን ደረብ አድርጎ ነበር። ጋሼ ወዳጆ እንደ ልማዳቸው የቀኑን ነገር ሊናገሩ ተነሡ። «ጋሼ፥ ዛሬ እኔ ልናገር» አልኩ። ደስ አላቸው። «ትናገር! የሬዲዮ ሰው አይደለች?» ብለው ተቀመጡ።

እኔ ግን አልተናገርኩም። ብናገር ላሳምር እንደምችል አውቃለሁ፤ ምላሴን አላመንኩትም። ስልኬን አውጥቼ የእርስዎን ድምፅ፥ ያልተቆረጠውን፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማሁ። ሳላስፈቅድዎ። ይህም ሌላ ጥፋት ነው፤ በዚያችው ድምፅ ሁለት ጊዜ ሳላስፈቅድ ገባሁ። ካለቀ በኋላ «ቆርጬ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የቆረጥኩት። ለአያቴ ስም ብዬ ነው» አልኩ።

ጋሼ ወዳጆ ቀድመው ተቆጡ። «ሙት ወቃሽ አትሁኑ! መምሬ ኪዳነ ወልድ ይህን ደብር ያቀኑ አባት ናቸው። መከላከያ የላቸውም ብለሽ ነው?»

እትዬ ኮከቤ ከሴቶቹ በኩል መለሱላቸው። «ወሰንየለሽስ ሙት አይደለችም ወይ? በየወሩ እሷን እየወቀስን አይደል እንዴ ዳቦ የምንቆርስ?»

«የእሷ የታወቀ ነው!»

«የታወቀው በማን አፍ ነው?»

ቤቱ ታወከ። አንዷ ደግሞ ከልቧ ፈርታ «ታዲያ ቀኑ ሊቀር ነው? በረዶው ቢመለስስ?» አለች። እኔ አባባን ብቻ ነበር የማየው። ይጮህብኛል፥ ይረግመኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አውቃለሁ» አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«አባቴ ሊሞት ሲል ነገረኝ። የንስሐ አባቱ ‹በሕዝብ ፊት ተናገር› ብሎ አዝዞት ነበር። አልቻለም። ‹አንተ ተናገርልኝ› ብሎ ለእኔ ተወልኝ። እኔ ደግሞ ዛሬ ነገ ስል ሸበትኩ። ያን ባና አባቴ አንድ ቀን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት አያውቅም፤ እኔ ነኝ ተጠቅልዬበት ያደግኩት። ጥሩሸዋ ጋን ስታጥብ አያለሁ። በየወሩ አያለሁ። ልጄን ክርስትና እንድታነሣ የጠየቅኳትም ስለዚህ ነው፤ ያን ባደርግላት ይቀለኛል ብዬ። አልቀለለኝም።»

እትዬ፥ እኔ የእርስዎ የክርስትና ልጅ የሆንኩት በፍቅር ብቻ አለመሆኑን ያን ለት ሰማሁ። እርስዎ ይህን ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቁ ይመስለኛል። አውቀውም ነው መሶብዎን ከፍተው ያሳደጉኝ። እኔን ይዘው ከቅዱስ ቁርባን ሲመለሱ የሚያዝሉኝ እርስዎ ነበሩ፤ የዚያ ሰውዬ የልጅ ልጅ መሆኔን እያወቁ።

ጋሼ ወዳጆ ጽዋውን ሳይቀምሱ ወጡ። የተከተሏቸውም አሉ። በማግሥቱ በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታ አልሰጡኝም፤ አልፈርድባቸውም። የቀሩት ተቀመጡ፤ አባባም «ቀኑ አይቀርም። ቀኑ ምን አደረገ? የሚታረመው ነገሩ ነው» አላቸው። ጽዋውንም ለቀጣዩ ባለተራ አልሰጠም። «ይህ ጽዋ ከዚህ ቤት የሚወጣው በጥሩሸዋ እጅ ነው፤ እስክትመጣ እዚህ ይቆያል» አለ። አንዱ «ባትመጣስ?» ቢለው ጽዋውን በነጠላ ሸፍኖ አስቀመጠው።

ይምጡ ብዬ አልለምንዎትም። ለመለመንም መብት ያሻል፤ እኔ የለኝም። ቢመጡ ዳገቱን ጋኑን የምሸከመው፥ ድስቱን የማጥበው እኔ ነኝ። ባይመጡም እውነትዎን ነው፤ ዕድሜዎን ሙሉ ያስቀመጥንዎት ጥግ ላይ ተመልሰው እንዲቀመጡ ማን ይጠይቅዎታል? የተቆረጠውንም ድምፅ በሬዲዮ ሙሉውን ላሰማ ዝግጁ ነኝ፤ የጥፋቱን ባለቤት በስሜ እየጠራሁ። ከሥራ ቢያስወጡኝም ያስወጡኝ። ግን ድምፁ የእርስዎ ነው፤ «አሰሚው» ካላሉኝ አልነካውም። «ተዪው» ካሉኝም እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ግን መጠየቅ አለብኝ፤ የጻፍኩትም በዋናነት ለዚህ ነው።

ያን ለት፥ ሰዉ ሳይበተን፥ አባባ ለእናትዎ ነፍስ ሊጸልይ ተነሣ። ማኅበሩ የሞቱበትን ሁሉ በስም እየጠራ ሲያስብ እናትዎ ተጠርተው እንደማያውቁ እርስዎ ያውቃሉ። አባባ መስቀሉን ይዞ፥ ሁላችንም ቆመን፥ «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ አመትከ…» ብሎ ጀመረ። ጀመረና የሟቿ ስም የሚጠራበት ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አለ።

እትዬ ኮከቤን አየ። እትዬ ኮከቤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌዎቹን አየ። እርስ በርስ ተያዩ። የቀበሯቸው ካህናት ሁሉ ዐርፈዋል። ከእኛ ልደት በፊት ጀምሮ በየወሩ ወሰንየለሽ፥ ወሰንየለሽ እያልን፥ እንዝርታቸውን፥ ሱፋቸውን፥ የተቀመጡበትን ደጃፍ ሳይቀር ስንተርክ ኖረን፥ እግዚአብሔር ፊት የሚጠሩበትን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። እኔም፥ የነገርን ሥር የምፈልገው፥ እርስዎ ቤት ቁጭ ብዬ መቅረጫዬን ከፍቼ፥ ይህን አልጠየቅኩም።

አባባ መስቀሉን ኪሱ ከተተና ተቀመጠ። ጸሎቱን ከጀመረበት አልጨረሰውም። እኔ ደብረ ብርሃን ከተመለስኩም በየጠዋቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ስልክ መትቶ «ደወለች?» ይለኛል፤ «አልደወለችም» እለዋለሁ።

እትዬ፥ ለእኔ ብለው አይደለም። ይቅርታም አልጠየቅኩዎትም፤ ለእሱ ገና ነኝ። ለእናትዎ ብለው የክርስትና ስማቸውን ይላኩልን። እኔን ማነጋገር ካስጠላዎ ለፀጋ ይንገሯትና እሷ ትጻፍልኝ፤ ስሙ ብቻ ይበቃል፤ ሰላምታም አይጨምሩበት።

እርስዎ በክንድዎ ይዘው ያነሡኝ፥
ወለተ ጻድቅ
(ትሕትና አፈወርቅ)
ከደብረ ብርሃን